«ሊንኩን ይጫኑ» ርዕስ አይደለም

ባለፈው ሳምንት ስለ ቤት ኪራይ የጻፍኩት ጽሑፍ ርዕሱ ተቀይሮ ወጣ። እኔ የሰጠሁት ርዕስ «የኪራይ ውል ከ2 ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር አይበልጥም» የሚል ነበር። ቴሌግራም ላይ የተለጠፈው ግን «ተከራዮች ጉዳችሁን ስሙ! ሊንኩን ይጫኑ» ይላል። ከሥሩ ወደ ታች የሚያመለክቱ ሦስት ጣቶች ተደርድረዋል። ደውዬ ስጠይቅ የገጹ ኃላፊ እንዲህ አለኝ፦ «መልሱን ርዕሱ ላይ ከነገርከው ለምን ብሎ ይጫናል?»

ይህችን አባባል በየሥልጠናው ሰምቻታለሁ። ሁሌም እንደ ትልቅ ጥበብ ነው የምትነገረው። ጥበብ አይደለችም። አንባቢን መናቅ ናት።

እህል በረንዳ ሂዱና ጤፍ ሻጮቹን እዩ። የጆንያውን አፍ ከፍተው ነው የሚቀመጡት። ገዢው እጁን ይሰዳል፣ ይዘግናል፣ መዳፉ ላይ አሸት አሸት አድርጎ ያያል። ከዚያ ነው ስለ ዋጋ የሚያወራው። «ጤፉን ካሳየሁትማ ለምን ይገዛኛል?» ብሎ ጆንያውን ሰፍቶ የሚቆም ነጋዴ አይቼ አላውቅም። ርዕስም እንደዚያው ነው። ተከራይ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር እንደማይበልጥ ሲያነብ ጥያቄው አያልቅም፤ ገና ይጀምራል። አከራዬ የ6 ወር ካላመጣህ ቢለኝስ? ውሉ የት ይመዘገባል? ቀድሜ የከፈልኩትስ? ይህን ፍለጋ ነው ሊንኩን የሚጫነው። የሚጫነው የቸገረው ሰው ነው። እስከ መጨረሻው የሚያነበውም እሱ ነው።

ኃላፊው ቁጥር ጠራልኝ። በመጀመሪያው ቀን የተጫነው ሰው ከወትሮው በዝቷል። እሺ፣ ይብዛ። 1000 ሰው አይቶት 30 ሰው ቢጫነው 3 በመቶ ነው፤ 60 ቢጫነው 6 በመቶ። ሒሳቡ ይገባኛል። ግን ከ60ው ስንቱ አነበበ? ስንቱ የመጀመሪያውን መስመር አይቶ ተመለሰ? ይህን አልነገረኝም። አልለካውማ!

ፌስቡክ እኮ በዚህ የነቃው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 ነው። መረጃ ደብቀው የሚያስጭኑ ርዕሶችን ወደ ታች እንደሚያወርድ ያኔ አስታውቋል። አንዱ መለያው ቀላል ነበር፦ ሰው ሊንኩን ተጭኖ ወዲያው ከተመለሰ የፈለገውን አላገኘም ማለት ነው። ተጠቃሚዎቹን ሲጠይቅም፣ 80 በመቶ በሚሆነው ጊዜ የመረጡት ከመጫናቸው በፊት ለማንበብ እንዲወስኑ የሚረዳቸውን ርዕስ ነው። ዩቲዩብም ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2012 ከእይታ ብዛት ይልቅ ሰው ቆይቶ ያየበትን ጊዜ ማስቀደም ጀምሯል። እኛ ዛሬም ጣት እንደረድራለን።

አክስቴ የምትሠራው ሻርጃ ነው። «አረብ አገር ላላችሁ እህቶች አስደንጋጭ ዜና» የሚል ርዕስ አይታ ስለ መኖሪያ ፈቃድ መስሏት እጇ እየተንቀጠቀጠ ተጫነችው። የመሬት ሽያጭ ማስታወቂያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያ ገጽ የሚለጥፈውን አትነካም፤ እውነተኛ ዜና ቢሆንም። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ይህ ኪሳራ በየትኛው ቁጥር ላይ ይታያል?

«እዚህ ይጫኑ» የሚለውም ከዚህ አይሻልም። ዓይነ ስውር ጓደኛ አለኝ። ስልኩ ጽሑፉን በድምፅ ያነብለታል። ሲቸኩል የገጹን ሊንኮች ብቻ ለይቶ ያስነብበዋል። አንድ ቀን አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። «እዚህ ይጫኑ። እዚህ ይጫኑ። ሙሉውን ለማንበብ። እዚህ ይጫኑ።» የቱ የኪራዩ፣ የቱ የፓስፖርቱ እንደሆነ የሚለይበት ነገር የለም። ዓይን ያለውም ሰው ሲቸኩል ያው ነው። በአውራ ጣቱ እየገፋ ሰማያዊዋን መስመር ብቻ ነው የሚያየው። ያቺ መስመር «የኪራይ ውል የት ይመዘገባል» ብትል ምን ይጎድላል? ሊንኩ ላይ ያለው ቃል ከጀርባው ያለውን ነገር ይጥራ። ቦታውም ጥያቄው የሚነሳበት ዓረፍተ ነገር ላይ ይሁን እንጂ ከ7 ሌሎች ሊንኮች ጋር ግርጌ ላይ አይታጨቅ። «ሊንኩ ኮሜንት ላይ አለ» የሚባለውንማ ባናነሳው ይሻላል።

«ጉዳችሁን ስሙ» ከሚለው ልጥፍ ሥር አንዲት አዲስ አበባ ያለች ተከራይ እንዲህ ብላ ጽፋ ነበር፦ «የ6 ወር ክፈይ ብሎኛል። ሊንኩ አልከፍት አለኝ። በናታችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።» የጠየቀችው ከርዕሴ ላይ የተነቀለውን መልስ ነው። እኔው ገባሁና «ከ2 ወር በላይ ሊጠይቅሽ አይችልም» ብዬ ጻፍኩላት።

«እግዜር ይስጥህ። የት ነው የተጻፈው? ላሳየው» አለችኝ።

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው ብዬ ሊንኩን ላክሁላት።