ማስተካከያ፦ ከቦሌ ዋሽንግተን በረራው የሚፈጀው 9 ሰዓት አይደለም

ቱሉ ዲምቱ ያላችሁ ጎረቤቶች፣ እሁድ እድር ላይ ከቦሌ ዋሽንግተን ዳለስ አየር ማረፊያ በረራው 9 ሰዓት ይፈጃል የተባለው ልክ አይደለም። ትኬቱ ላይ ያለውን መነሻና መድረሻ ቀንሰው ነው ያወጡት፣ ግን ትኬት ላይ የሚጻፈው የየአገሩ ሰዓት ነው፣ ዋሽንግተኖች ደግሞ ከኛ በበጋቸው 7 በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደኋላ ናቸው፣ ያ መደመር አለበት። ስለዚህ ወደ 16 ሰዓት ነው፣ አንዳንዴም ያልፋል።

ርቀቱ በቀጥታ መስመር 11,500 ኪሎሜትር አካባቢ ነው። መመለሻው ግን 13 ሰዓት ገደማ ነው፣ ያው መንገድ ለምን ተለያየ ላላችሁ ቦሌ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል፣ አውሮፕላኑ ሙሉ ጭነትና ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብደዋል፣ ለዛ ነው ሲሄድ ብዙ ጊዜ መሀል ላይ አርፎ ነዳጅ የሚሞላው፣ ከላይ ያለው ኃይለኛ ንፋስም ከምዕራብ ወደ ምስራቅ ስለሆነ ሲሄድ ፊት ለፊት ይገጥመዋል ሲመለስ ከኋላ ይገፋዋል።

አጥብቄ የምናገረው ለእናቶቻችን ነው፣ የስኳር መድሃኒት የሚወስዱ አሉ፣ 9 ሰዓት ብቻ ነው ብለው እንዳይዘጋጁ። መድሃኒቱን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ያዙላቸው፣ የሚወሰድበትን ሰዓትም ቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ እባካችሁ።