በሁለት ቢላዋ የምትበላ መኪና

ሱሉልታ ላይ ነዳጅ ጠፋ ከተባለ ጎረቤታችን ደረታቸውን ነፍተው «የኔዋ እኮ በኤሌክትሪክ ነው የምትሄደው» ይላሉ። መብራት ጠፋ ሲባል ደግሞ፣ ያው ደረት ሳይሟሽሽ፣ «የኔዋ እኮ የነዳጅ ናት»። ሰውዬው ሃይብሪድ፣ ማለትም የነዳጅም የኤሌክትሪክም ሞተር ያላት መኪና፣ ገዝተዋል። ያውም ቅንጡ፣ ያውም ጥቁር፣ ያውም መስታወቷ ውስጡን የማያሳይ። ከመሸ በኋላ ማደያ ተሰልፋ ማየቴን ለሰፈሩ ሰው አልተናገርኩም፤ እናንተም እንዳትናገሩ።

በመጣች ሰሞን ዘበኛቸው ማራዘሚያ ገመድ ይዞ ሲዞራት አመሸ። የሚሰካበት ቀዳዳ ፍለጋ ነው። የለም። አንዳንዱ ሃይብሪድ ቤት ውስጥ ይሰካል፤ ይቺ ግን ባትሪዋን የምትሞላው ከራሷ ሞተርና ፍሬን ስትይዝ ብቻ ነው። እንግዲህ «በኤሌክትሪክ ነው የምትሄደው» የተባለው ኤሌክትሪክ፣ ዘር ማንዘሩ ሲቆጠር፣ ከዚያው ከማደያው ነው የሚወለደው። ይህን ለጎረቤታችን ማስረዳት የዘበኛው ሥራ አይደለም። የኔም አይደለም፤ አንዳንድ ቀን ሊፍት ይሰጡኛል።

ላለመዋሸት፣ ነገሩ በራሱ ክፉ አይደለም። የቅንጡ መኪና አምራቹ ሌክሰስ፣ አርኤክስ 400ኤች የተባለውን ሃይብሪድ እ.ኤ.አ. በ2005 ለገበያ ካቀረበ ጀምሮ ባለገንዘብ ቅንጦቱን ሳይቀንስ ነዳጁን መቀነስ ይችላል ተብሏል። ለኛ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እኛ ከእሷም በላይ ነን። ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ መም የሠራው እዚህ ነው፤ አትሌቱ ስሱን አየር ፈልጎ ይመጣል። ቱርቦ (አየር አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር ግን እንደ አትሌት አይደለም፤ እንጦጦን ሲወጣ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ለአየሩ ገብሮ ያቃስታል። የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም። ከፍታ ቢሉት ዝቅታ ቢሉት ደንታው አይደለም። ጎረቤታችን ዳገቱ ላይ ሲኖትራክ እየቀደሙ ሲያልፉ ፊታቸው ላይ የሚታየው ፈገግታ በብር አይተመንም።

ቁልቁለቱ ላይ ነገሩ ይቀየራል። ከእንጦጦ ወደ አዲሱ ገበያ ሲወርዱ የኤሌክትሪክ ሞተሩ እንደ ዲናሞ እየሠራ ባትሪውን ይሞላል፤ ባትሪው ግን ትንሽ ነው። ከሁለት ቶን በላይ የሆነ ብረት ያን ሁሉ ቁልቁለት ሲወርድ መንገዱ ሳያልቅ ባትሪው «በቃኝ» ይላል። የቀረው ጉልበት እንደ ጥንቱ የፍሬን ሸራ ላይ ይቃጠላል።

ደግሞ ዝምታዋ! «ድምፅ የላትም» ብለው ስንት ያወሩላት መኪና፣ ሰፈራችን ስትደርስ ቀስ ብላ በባትሪ ብቻ ትንሸራተታለች። ጭድ የተጫነ የሱሉልታ አህያ ከኋላው ድምፅ ካልሰማ መንገድ አይለቅም። ላሚቷም አትለቅም፤ ከቅዳሴ የሚመለሱ እናቶችም አይለቁም። ስለዚህ ጎረቤታችን ከዋናው መንገድ እስከ ግቢያቸው በር ድረስ ጡሩምባቸውን ሳያቋርጡ ይነፋሉ። ሞተሯ ዝም ስላለች የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ከእንቅልፉ ይባንናል።

ጉዳዩ እድር ላይ መነሣቱ አልቀረም። ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር እስክሪብቷቸውን አወጡ። «ሃይብሪድ ስለሆነች ብቻ የጨመሩት 1 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ከዚህ ፒያሳ ደርሶ መልስ 50 ኪሎ ሜትር፤ በወር 25 ቀን ቢመላለሱ 1,250። በየመቶ ኪሎ ሜትሩ 4 ሊትር ብታተርፍ በወር 50 ሊትር። ሊትሩ 100 ብር ካለፈ ቆየ፤ ለስሌት እንዲመች በ120 እንያዘው። በወር 6,000 ብር።» አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «ገንዘብዎ የሚመለሰው በ14 ዓመት ገደማ ነው።»

አንዱ የባትሪውን ዋስትና ጠየቀ። አምራቾች ብዙውን ጊዜ 8 ዓመት ገደማ ይሰጣሉ፤ የጎረቤታችን ዋስትና ግን መኪናዋ በተገዛችበት በዱባይ ቀርቷል።

«ትራፊኩ ከተጨናነቀ ግን ቶሎ ይመለሳል» አሉ መምህሩ ሊያጽናኗቸው። እውነት ነው፤ ሃይብሪድ የሚያተርፈው ቆም ሄድ በሚባልበት ነው፤ ባሕር ዳር ድረስ በአንድ ፍጥነት ለሚነዳ እምብዛም አይፈይድም። እንግዲህ ጎረቤታችን ብራቸውን ለማስመለስ አዲሱ ገበያ ላይ መንገዱ እንዲዘጋ ስለት መሳል ሊኖርባቸው ነው። እንደኔ እንደኔ ይህ ነገር ከልቡ የሚያዋጣው ለሚኒባስ ታክሲ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ በየመቶ ሜትሩ «ወራጅ አለ» እየተባለ የሚቆመው እሱ ነው። ታዲያ ረዳቱ በሩን በገመድ አስሮ በሚሠራበት መኪና ማን ሃይብሪድ ይገጥማል?

ጎረቤታችን እስከመጨረሻው አዳምጠው «መምህር፣ ለነዳጅ የሚሳሳ ሰው ይቺን ይገዛል?» አሉ። እድሩ ጸጥ አለ። ለካ ያን ሁሉ ማባዛትና ማካፈል ማንም አልጠየቀንም ነበር።

ዝምታውን የሰበሩት የእድሩ ዳኛ ናቸው።

«ቆይ፣ ቀስ ስትል ሞተሯ አይነሣም አይደል?»

«አይነሣም ጋሼ፣ በባትሪ ብቻ ነው።»

«በሰው እርምጃ ቢሆንስ?»

«ጭራሽ አይሰማም።»

«ጭሱስ?»

«ምን ጭስ አለ!»

«በሉ እንግዲህ፣ ለቀብር ናት!» አሉ ዳኛው በደስታ። ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ በለቀስተኛው እርምጃ ከሄደች ጠብታ ነዳጅ አትነካም። አልቃሾቹም በጭስ አይታፈኑም።

መምህሩ ወረቀታቸውን ገልብጠው «በወር ስንት ቀብር አለን?» ብለው እንደገና ማባዛት ሲጀምሩ ዳኛው ተቆጥተው አስቀመጧቸው። ጎረቤታችን ግን ቁጥሩን ለመስማት ጆሯቸውን ቀስረው ነበር።