የሼፊልድ ዛፎችና የእኛ የምርጫ ካርድ

እንግሊዝ አገር የምንኖር ሐበሾች ፖለቲካ ማውራት አይሰለቸንም። ለቅሶ ቤትም ሰርግ ቤትም ወሬው እሱ ነው። የአዲስ አበባውን ጨርሰን ወደ ለንደን ፓርላማ እንሻገራለን። የምንኖርበትን ከተማ ካውንስል (የከተማውን ምክር ቤት) ግን የሚያነሳው ሰው የለም። ለካውንስል ምርጫ በፖስታ የመጣችው ካርድ ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር ተጠቅልላ ትጣላለች። ይህ ያሳዝነኛል። ለምን እንደሚያሳዝነኝ የሰሜን እንግሊዟን ከተማ የሼፊልድን ታሪክ ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2012 የሼፊልድ ካውንስል ኤሚ ከተባለ ኩባንያ ጋር የ25 ዓመት ውል ተፈራረመ። ዋጋው ከ2 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ነው። ሥራው መንገድ ማደስ፣ የመንገድ መብራት መቀየር፣ የመንገድ ዳር ዛፎችን መያዝ ነበር። ውሉ ውስጥ ግን 17,500 ዛፎች ተቆርጠው በሌላ እንደሚተኩ ተጽፎ ነበር። ከተማዋ በጠቅላላው የነበሯት የመንገድ ዳር ዛፎች 36,000 ገደማ ናቸው። ግማሽ ያህሉ ማለት ነው! ነዋሪው ይህን ቁጥር በግልጽ ያወቀው በ2018 ነው፤ ያኔ በሺዎች የሚቆጠር ዛፍ ወድቋል።

በኖቬምበር 2016 የሆነውን ብዙ የሼፊልድ ሰው አይረሳውም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ፖሊስና ዛፍ ቆራጮች ራስትሊንግስ ሮድ የተባለው መንገድ ላይ ደረሱ። መኪናችሁን አንሱ እያሉ ሰዉን ከእንቅልፉ ቀሰቀሱት። ስምንት ዛፎች ተቆረጡ። እንዳይቆረጡ የተከላከሉ፣ በ70ዎቹ ዕድሜ ያሉ ሁለት ሴቶች ተይዘው ተወሰዱ። ክሱ በኋላ ቀረ፤ ካውንስሉም ስለ ሌሊቱ ዘመቻ ይቅርታ ጠየቀ። መቁረጡ ግን አልቆመም። በ2017 ካውንስሉ የገዛ አባሉን፣ የግሪን ፓርቲዋን ካውንስለር አሊሰን ቲልን፣ ፍርድ ቤት አቆማት። ነፃ ወጣች።

ታዲያ ሰዉ ይህን ያህል እየጮኸ ለምን አልተሰማም? ሼፊልድ 84 ካውንስለሮች፣ ማለትም የተመረጡ የምክር ቤት አባላት፣ አሏት። ውሳኔው ግን የካውንስሉ መሪና የካቢኔው ጥቂት ሰዎች እጅ ላይ ነበር። ያንተ ሰፈር የመረጠው ካውንስለር ካቢኔ ውስጥ ከሌለ ተናግሮ ከመቀመጥ በቀር ብዙ የሚያደርገው የለም። ነዋሪዎቹ ይህ ገባቸው። ዛፍ ላይ ተጣብቆ ከመዋል አልፈው አሠራሩን ራሱን ለመቀየር ተነሱ። በእንግሊዝ ሕግ ከመራጩ 5 በመቶው ከፈረመ ካውንስሉ በአስተዳደሩ ቅርጽ ላይ ሕዝበ ውሳኔ የመጥራት ግዴታ አለበት። በየገበያው፣ በየፓርኩ፣ በየቤቱ በር እየዞሩ ከ20,000 በላይ ፊርማ ሰበሰቡ።

ሜይ 6 ቀን 2021 ሕዝበ ውሳኔው ከካውንስል ምርጫው ጋር አንድ ላይ ተካሄደ። 65 በመቶው የካቢኔው አሠራር ይቅር፣ ሁሉም ካውንስለሮች የሚሳተፉባቸው ኮሚቴዎች ይወስኑ አለ። በዚያው ቀን ሌበር ፓርቲ ለአሥር ዓመት የያዘውን አብላጫ አጣ። የካውንስሉ መሪ ራሱ መቀመጫውን በግሪን ፓርቲ ተነጠቀ። አዲሱ አሠራር በ2022 ሥራ ጀመረ።

በ2023 ደግሞ የዛፎቹን ጉዳይ የመረመረው ገለልተኛ ሪፖርት ወጣ። መርማሪው ሰር ማርክ ሎውኮክ ናቸው። አዎ፣ በ2021 በትግራይ ረሃብ ገብቷል ብለው በይፋ የተናገሩት የቀድሞው የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ኃላፊ። ሪፖርታቸው ካውንስሉ ሕዝቡንም ፍርድ ቤቱንም እንዳሳሳተ አስቀመጠ። ኮሚቴ ስለተቋቋመ የካውንስሉ ችግር ሁሉ ተፈታ አልልም። የገንዘብ እጥረቱ አለ፣ የተቆረጠውም ዛፍ አይመለስም። ነገር ግን አይነካም የተባለ አሠራር በሰፈር ሰው ፊርማና ድምፅ ተለውጧል።

እኛን ምን አገባን ለሚል አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ከለንደን ውጭ የታክሲ ፈቃድ የሚሰጠው ካውንስል ነው። ሼፊልድ ከፌብሩዋሪ 2023 ጀምሮ የጭስ ልቀት ደረጃውን ያላሟላ ታክሲ መሀል ከተማ ሲገባ በቀን 10 ፓውንድ ያስከፍላል፤ የግል መኪና ግን አይከፍልም። ታክሲ ነድቶ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ወገን ይህ ክፍያ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። የካውንስል ቤት ወረፋው፣ የአረጋውያን እንክብካቤው፣ ካውንስል ታክሱ፣ ሁሉም እዚያው አዳራሽ ነው የሚወሰነው። በካውንስል ምርጫ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከመራጩ ሲሶው ቢሆን ነው። በአንድ ዋርድ (የሰፈር ምርጫ ክልል) ጥቂት መቶ ድምፅ አሸናፊውን ይለውጣል። አንድ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ጉባኤ ያህል ሰው ማለት ነው።

የእንግሊዝ ዜግነት የሌለው ኢትዮጵያዊ ግን ቢፈልግም አይመርጥም። ጎረቤቱ የሆነ ናይጄሪያዊ ወይም ኬንያዊ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ካለው፣ አገሩ የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው የቀድሞ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ማኅበር) አባል ስለሆነች ይመርጣል። ኢትዮጵያዊው አሥር ዓመት ካውንስል ታክስ ቢከፍልም ድምፅ የለውም። ግላስጎው ወይም ካርዲፍ ቢኖር ኖሮ ግን ነበረው፤ ስኮትላንድና ዌልስ በሕጋዊ መንገድ ለሚኖሩ የውጭ ዜጎች ሁሉ የአካባቢ ምርጫን ከፍተዋል። እንግሊዝ ይህን የማታደርግበት በቂ ምክንያት አይታየኝም። በ2007 ስደተኛን የምትቀበል «የመጠለያ ከተማ» (City of Sanctuary) ተብላ ከሌሎች የእንግሊዝ ከተሞች ቀድማ የተሰየመችው ሼፊልድ ደግሞ ጥያቄውን ከፊት ሆና ልታነሳው ይገባል።

ዜግነት ያለን ሰዎች ለሌላቸውም ጭምር መውጣት አለብን። መዝገብ ላይ መስፈር በኢንተርኔት ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው፤ ከምርጫው 12 የሥራ ቀን በፊት ማለቅ አለበት። ከ2023 ወዲህ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ግዴታ ሆኗል። ፓስፖርት ወይም መንጃ ፈቃድ ይበቃል፤ ሁለቱም የሌለው ሰው በነፃ የሚሰጠውን የመራጭ መታወቂያ አስቀድሞ ያመልክት። ዕጩዎቹ በር ሲያንኳኩም ዝም ብላችሁ አትሸኟቸው። የታክሲውን ክፍያ ጠይቋቸው፣ የቤት ወረፋውን ጠይቋቸው፣ ግላስጎው ያለው ወንድማችን እየመረጠ እዚህ ያለው ለምን እንደማይመርጥ ጠይቋቸው።