ፈረቃ የሚሰብረው ቧንቧ

በአዲስ አበባ ብዙ ሰፈሮች ውኃ የሚመጣው ሰው በተኛበት ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ቧንቧው መጀመሪያ ያፏጫል፣ ቀጥሎ ዝገት የቀላቀለ ውኃ ይተፋል፣ ከዚያ እየጠራ ይወርዳል። እማወራዋ እንቅልፏን አቋርጣ ጄሪካኖቹን በተራ ትደቅናለች፤ ባልዲው፣ በርሜሉ፣ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ሳይቀር ይሞላል። ቧንቧው በሚያፏጭበት በዚያች ደቂቃ ቆጣሪውን ሄዶ ያየ ሰው ቁጥሩ ሲዞር ያገኘዋል፤ ለነፋስም ሂሳብ እንከፍላለን ማለት ነው።

ውኃ ለየሰፈሩ በተራ የሚለቀቅበትን ይህን አሠራር ፈረቃ ብለን ለምደነዋል፤ ውኃ በማነሱ የመጣ መላ እንደሆነም ይታሰባል። በእኔ እምነት ግን ፈረቃው ራሱ እጥረቱን ከሚያባብሱት ምክንያቶች አንዱ ሆኗል፤ የከተማዋ የውኃ እቅድ ይህን ከቁም ነገር ቆጥሮ እስካልተነሣ ድረስ ከአዲስ ግድብም ሆነ ከአዲስ ጉድጓድ የሚመጣው ውኃ በቀዳዳ እንስራ እንደመቅዳት ይሆናል።

ለቀናት ባዶውን የቆየ መስመር ውኃ በድንገት ሲለቀቅበት፣ ውኃውና ታምቆ የቆየው አየር እየተጋፉ መገጣጠሚያዎቹን ያናጋሉ፤ በዕድሜ ብዛት የዛገው የብረት ቧንቧም በደካማ ጎኑ ይሰነጠቃል። መስመሩ ተመልሶ ባዶ ሲሆን ደግሞ በአጠገቡ የሚሄደው ፍሳሽ በዚያው ስንጥቅ ወደ ውስጥ ሊሳብ ይችላል። ነዋሪውስ? ነገ መምጣቱን ያላመነ ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ያጠራቅማል። አቅም ያለው ሮቶ ሰቅሎ፣ መስመሩ ላይ ሞተር ገጥሞ የጎረቤቱን ድርሻ ጭምር ይስባል፤ የሮቶው መዝጊያ የተበላሸ እንደሆነ ውኃው ከሰገነቱ ላይ እስኪነጋ ሲፈስ ያድራል። አዲስ ውኃ በመጣ ቁጥር የሰነበተው ይደፋል፤ እኔም ብሆን ሳምንት የቆየ የጄሪካን ውኃ ለልጅ አላጠጣም።

የአቅርቦቱን ታሪክ ላየ ሰው፣ ከተማዋ ሁልጊዜ ከኋላ እየሮጠች ነው። በፍንፍኔ ምንጮች ዙሪያ የተቆረቆረችው አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ገፈርሳን ገደበች፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ለገዳዲ ተጨመረ፣ በ1999 ድሬ ተከተለ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ትኩረቱ በአቃቂና በለገዳዲ አካባቢ ወደሚቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ዞረ። የጉድጓድ ውኃ ቶሎ ይደርሳል፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው። አቃቂ ከከተማዋ ዝቅተኛ ሥፍራዎች አንዱ በመሆኑ ውኃው ሽቅብ በሞተር መገፋት አለበት፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ቧንቧው አብሮ የሚደርቀው ለዚህ ነው። የገርቢና የሲቢሉ ግድቦች ስም በእቅድ ላይ ሲነሣ የኖረ ነው። መሠራታቸውን አልቃወምም፤ ነገር ግን ቦታው ከከተማዋ ወሰን ውጭ፣ አርሶ አደር የሚያርሰው መሬት ነውና ተገቢው ካሳና ስምምነት ሳይቀድም የሚጀመር ሥራ መጓተቱ አይቀርም።

እስከዚያው በእጃችን ያለውን ውኃ ምን አደረግነው? ከሚመረተው ውኃ ከሲሶ የማያንሰው ሂሳብ ሳይሰበሰብበት እንደሚቀር በተለያየ ጊዜ ሲገለጽ ቆይቷል። ይህ ሁሉ መሬት ውስጥ የሚሰርግ አይደለም፤ ከፊሉ በሕገወጥ ቅጥያና መቁጠር ባቆመ ቆጣሪ የሚታለፍ ነው። የሆነ ሆኖ የዚህን ግማሽ ማዳን ማለት አንድ ትልቅ የጉድጓድ ፕሮጀክት ያለ ካሳና ያለ ቁፋሮ ማግኘት ማለት ነው። ችግሩ ግድብ በድምቀት ሲመረቅ፣ ለተጠገነ ቧንቧ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን አለመኖሩ ነው። መንገድ ለማስፋት የገባ ኤስካቫተር የውኃ መስመር በጥሶ ሲሄድም፣ የት እንደሚያልፍ የሚያሳይ አስተማማኝ ካርታ በእጁ የነበረው ስንት ጊዜ ነው?

ከሰማይ የሚወርደውስ ውኃ? አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ስፋቱ 100 ካሬ ሜትር በሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ይህ 100,000 ሊትር ነው፤ ሃያ በመቶው ቢባክን እንኳ 80,000 ሊትር ይተርፋል። እንቅፋቱ ግልጽ ነው፤ ዝናቡ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ በመሆኑ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ያለው ቤተሰብ ለበጋ ሊያቆየው አይችልም። ስለዚህ ሸክሙን በግለሰብ ቤት ላይ ከመጫን ይልቅ ሰፊ ጣሪያ ካላቸው ትምህርት ቤቶች፣ የእምነት ቦታዎችና የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች መጀመር ይሻላል። ዛሬ የአንድ ኮንዶሚኒየም አሸንዳ ክረምቱን ሙሉ ጎርፉን ግቢው ውስጥ ይደፋዋል፤ አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ነዋሪ ደግሞ በዚያው ዝናብ መጸዳጃ ቤት የምትደፋውን ውኃ በጄሪካን አሸክማ ትወጣለች።

የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ሆኖ ተስፋፍቷል። የናሚቢያ መዲና ዊንድሆክ የተጣራ ፍሳሽ መልሳ መጠጣት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። እኛ እንጠጣው አልልም። ግን በመንገድ ዳር የተተከለውን ችግኝ ለማጠጣትና የኮንክሪት ግንባታ ለማርጠብ፣ የተጣራ ፍሳሽ እያለ ለመጠጥ የተጣራ ውኃ ከቤተሰብ ጉሮሮ ነጥቆ ቦቴ መሙላት በምን ሒሳብ ይሰላል?

ጅምሩ አንድ ሰፈር ሊሆን ይችላል። ለዚያ ሰፈር ውኃው ሳይቋረጥ እንዲለቀቅና መግቢያው ላይ አንድ ትልቅ ቆጣሪ እንዲተከል ማድረግ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ በተኛበት፣ ያ ቆጣሪ ብዙ ውኃ እያሳለፈ ከሆነ የሚበዛው ከመሬት በታች እየፈሰሰ ነው፤ ጠጋኙ የት እንደሚፈልግ ያውቃል። ዛሬ ይህን መለካት አይቻልም፤ በዚያ ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ነቅቶ ጄሪካን እየሞላ ነው።