አራት ሳምንት ምኑን ያሳያል?

ክርክሩን ያስነሳው ለንደን ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ወዳጃችን ነው። ሲጋራ ለማቆም ወደ አንድ የሕዝብ አገልግሎት ሄዶ ተመዘገበ። የኒኮቲን ፕላስተርና ማስቲካ ሰጡት፣ በየሳምንቱ እየጠሩ አነጋገሩት። በአራተኛው ሳምንት የሲጋራ ጋዝ ከትንፋሽ የሚለካ መለኪያ ውስጥ አስተነፈሱትና አቁሟል ብለው መዘገቡት። ሦስት ወር ሳይሞላው ግን ተመልሶ ለኮሰ።

«እኔ እኮ እነሱ ዘንድ እስከ ዛሬ ያቆምኩ ሰው ነኝ» አለ። «እንዲህ እየቆጠሩ ነው እንግዲህ ይህን ያህል ሰው አስቆምን የሚሉት። ማጭበርበር ማለት ሌላ ምን አለ?»

አብራን የነበረችው ልጅ እዚያው ከተማ ውስጥ ሲጋራ በሚያስቆም አገልግሎት አማካሪ ናት። ቱግ አለች።

«ጋሼ፣ ማጭበርበርማ አይበሉት። ለዘለዓለም አቆመ ብለን የጻፍነው ነገር የለም። ሰውየው ካቆመ ከ25ኛው እስከ 42ኛው ቀን ባለው ጊዜ እናገኘዋለን። ባለፉት ሁለት ሳምንታት አንዴ እንኳ ስቦ ከሆነ አላቆመም። አልሳብኩም ካለ 15 ሰከንድ ትንፋሹን ይዞ፣ ቀስ ብሎ ሳንባው ባዶ እስኪሆን መለኪያው ውስጥ ይተነፍሳል። ከሲጋራ ጭስ የሚገባው ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ፣ ከሚሊዮን እጅ ከ10 እጅ በታች መሆን አለበት። በመለኪያ የተረጋገጠው ለብቻው ይቆጠራል። ደውለንለት ስልክ ያላነሳው ደግሞ እንደሚያጨስ ነው የሚያዘው።»

ይህች የመጨረሻዋ ነገር ቀላል አይደለችም። መቶ ሰው ተመዝግቦ ሃምሳው ቢጠፋ፣ ከቀሩት አርባው ቢያቆሙ፣ ከመቶ 80 አስቆምን ብሎ መጻፍ ይቻል ነበር። በእንግሊዝ አሠራር ግን የሚጻፈው 40 ነው።

ሦስተኛው ሰው ሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ያዳምጥ ነበር። «መለኪያው የሚያውቀው የአንድ ቀን ነገር ነው» አለ። «ካርቦን ሞኖክሳይድ ከደም ለመውጣት አንድ ቀን ያህል ይበቃዋል። ዓርብ ቀጠሮ ያለው ሰው ረቡዕ ማታ ቢያጨስ ማን ያውቅበታል? ደግሞ የእናንተው አገር ጥናት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው። ከመቶ ሰው 53ቱ በአራተኛው ሳምንት አቁመው ነበር፤ ዓመት ሲሞላ በመለኪያ ተረጋግጦ የተገኘው ግን ከመቶው 15 እንኳ አይሞላም።»

«ብቻውን የሚያቆመውስ?» አለችው። «ያለ ምንም እርዳታ ከሚሞክሩት መቶ ሰዎች ዓመት የሚዘልቁት ከሦስት እስከ አምስት ናቸው።»

«እናንተ ጋ የሚመጣው ቆርጦ የመጣ ሰው ነዋ! ቤቱ ሆኖ ከሚሞክረው ጋር እንዴት ይወዳደራል?»

እዚህ ላይ እውነቱን ነው። እሷም አልካደችም። ግን ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ለአንዱ ወገን ምክርና መድኃኒት ሰጥተው የሠሩት ሙከራዎች ብዙ እንደሆኑ ነገረችው። እነሱም ምክሩና መድኃኒቱ አንድ ላይ ሲሆኑ እንደሚረዱ ያሳያሉ።

ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ ሌላ ነገር አመጣች። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ሥራው ወደ ካውንስሎች፣ ማለትም ወደ አካባቢ አስተዳደሮች፣ ዞሯል። አንዳንዱ ውል የሚከፍለው አራት ሳምንት ባቆመ ሰው ልክ ነው። «የአእምሮ ሕመም ያለበት፣ መጠለያ የሚያድር፣ በቀን አርባ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አለኝ። አሁን አሥር ላይ ደርሷል። እኔ ሪፖርት ላይ ግን ዜሮ ነው። ደህና ሥራ ያለው፣ በቀን አምስት የሚያጨስ ሰው ሲመጣ ግን አንድ ይሆንልኛል። ማንን ብቀበል ነው የሚሻለኝ?»

ታክሲ ነጂው እንኳ መልስ አላገኘም።

እኔ እንደገባኝ፣ አራት ሳምንቱ መቅረት የለበትም። ብዙው ሰው የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሆነ፣ የአንዱን ዓመት ከዛሬው ጋር፣ የአንዱን ሰፈር ከሌላው ጋር ለማየት ጥሩ ነው። ውጤቱ ቶሎ ስለሚታወቅም የተበላሸውን ሳይውል ሳያድር ለማስተካከል ይረዳል። የቆየው መመሪያ የስኬቱ መጠን ከመቶ ከ35 በታች ወይም ከ70 በላይ ከሆነ ይጣራ ይል ነበር። ከ70 በላዩንም መጠርጠሩን ወድጄዋለሁ። በጣም ያማረ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከባዱ ሰው በር ላይ መቅረቱን ነው የሚናገረው።

የማልስማማው ቁጥሩ ደመወዝ ሲሆን ነው። ባቆመ ሰው ልክ ሲከፈል አማካሪዋ መጠለያ የሚያድረውን ሰውዬ ለመቀበል ራሷን መጉዳት አለባት። ሲጋራ ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ የሚገድለው በብዛት ድሃውን ነው። ስለዚህ ከስኬቱ መጠን ጎን ማን እንደመጣ፣ ከየትኛው ሰፈር፣ በቀን ስንት የሚያጨስ፣ አብሮ ይጻፍ። ክፍያው ላይም ይታሰብ።

ታክሲ ነጂው የተናደደው በመዝገቡ ነው። እኔን ያናደደኝ ግን ከአራተኛው ሳምንት በኋላ ማንም ያልደወለለት መሆኑ ነው። ሰው ሲጋራን አንዴ ሞክሮ አይገላገልም፤ ብዙው ደጋግሞ ነው። በሦስተኛው ወር ቢደውሉለት ኖሮ እንደገና የማቆሚያ ቀን ይቆረጥለት ነበር። በዓመቱ ደግሞ ሁሉንም ማግኘት ባይቻል፣ በዕጣ ለተመረጡ ሰዎች መደወልና ማስተንፈስ ይቻላል። ገንዘቡን ከአዲስ በጀት መጠበቅም አያስፈልግም፤ ለእያንዳንዱ የአራት ሳምንት ሰው ከሚከፈለው ላይ ተቀንሶ ለዚህ ይመደብ።