የፕሮፌሰሩ ካርቶኖች የት ይደሩ?

የታሪክ መምህሬ የሚኖሩት ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ የኒም ዛፎች ጥላቸውን ከሚጥሉባቸው መንገዶች በአንዱ ነው። በራቸውን ላንኳኳ እንግዳ ሽርጥ አገልድመው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ብቅ ይላሉ። ሰፈሩ «ፕሮፌሰር» ብሎ መጥራት የጀመረው ገና የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ሳሉ ነበር። ኋላ የተቀጠሩበት ዩኒቨርሲቲ ግን ባለፈው ዓመት በጡረታ ሲያሰናብታቸው «ተባባሪ» የምትለውን ቃል ከማዕረጋቸው ላይ አላነሣላቸውም። ባጃጅ ነጂውና ጥግ ላይ ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ሳይሰስቱ የሰጡት ማዕረግ በኮሚቴ ተይዞ ቀረ ማለት ነው። ተማሪያቸው ስለነበርሁ ገለልተኛ ዳኛ ልሆን አልችልም፤ አንባቢ ይህን ከወዲሁ ይወቅልኝ።

ሳሎናቸው ውስጥ 31 ካርቶን ተደርድሯል። የማካሮኒ፣ የሳሙና፣ የዘይት ካርቶን ነው። ውስጡ ግን ደብተርና ካሴት ነው፤ እያንዳንዱ ካሴት ላይ በእርሳስ ስም፣ ቀንና ሰፈር ተጽፎበታል። ተናጋሪዎቹ ባቡር ነጂዎች፣ ትኬት ቆራጮች፣ የጣቢያ ኃላፊዎች፣ በየፌርማታው ለተሳፋሪ በመስኮት ፍራፍሬ ሲሸጡ የኖሩ ሴቶች ናቸው። አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። መምህሬ ጫት አይቅሙም፤ ነገር ግን የድሬ ሽማግሌ አፉ የሚፈታው ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ መሆኑን ስለሚያውቁ የባቢሌ ኦቾሎኒ በወረቀት ጠቅልለው ይሄዱና ከምንጣፉ ጥግ ይቀመጡ ነበር።

አንዱን ካሴት አብረን ሰምተናል። ከጀርባ የማራገቢያ ድምፅ አለ። አንድ የጥገና ሠራተኛ የነበሩ አዛውንት የተሰነጠቀ የባቡር እግር እንዴት እንደሚለይ ያስረዳሉ። በመዶሻ ቀስ አድርጎ መምታትና ማዳመጥ ነው ይላሉ። ከዚያ ማንኪያ ያነሣሉ፤ ደኅናውን ብርጭቆ ይመቱታል፦ ኪንን። ቀጥለው ስንጥቅ ያለበትን፦ ጠክ። «ጆሮህ ይህን ካልለየ ሰው ትገድላለህ» ይላሉ። አዛውንቱ ይህን በወረቀት ላይ አላሰፈሩትም።

ይህ ጉዳይ ለድሬዳዋ ትርፍ ወሬ አይደለም። ባቡሩ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው ወጪ አበዛና ሐዲዱ ከሥሩ ባለው ሜዳ እንዲያልፍ ተወሰነ። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እዚህ ሲደርስ ቦታው «አዲስ ሐረር» ተባለ። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ በመካከሉ የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ በሌላ ተተክቷል። የፈረንሳይኛው «ላ ጋር» አማርኛ ገብቶ «ለገሃር» የሆነውም በዚሁ ባቡር ነው። እንግዲህ ከተማዋ በመስፍን ወይም በአሚር አልተቆረቆረችም፤ ደመወዝተኛ ነው የቆረቆራት። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ያልፋል። አሮጌው ጣቢያና መጠገኛው አሁንም እዚያው ቆመዋል፤ ማሽኖቹን የሚያውቋቸው እጆች ግን እያለቁ ነው።

የመምህሬን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ የተከታተለ ሁሉ አንድ ነገር አይረሳም። «ድሬዳዋ ማለት ምን ማለት ነው?» ይላሉ። ክፍሉ ይንጫጫል። ኦሮምኛ ተናጋሪው «ድሬ ሜዳ ነው፣ ዳዋ መድኃኒት» ይላል። ሶማሊኛ ተናጋሪው ድር የተባለው የጎሳ አባት ጦሩን የሰካበት ቦታ ነው ብሎ ይምላል። ከደጋ የመጣው ደግሞ ዳዋ የበላው ሜዳ መሆን አለበት ብሎ ያስቃል። እሳቸው ሦስቱንም ሰሌዳው ላይ በእኩል ፊደል ይጽፋሉ። ከዚያ በእያንዳንዱ ሥር ሦስት ጥያቄ፦ ማን ነገረህ? እሱስ ከማን ሰማ? እንዲህ ቢሆን ማን ይጠቀማል? መልሱን አይሰጡም። ተናድዶ የወጣ ተማሪ አይቻለሁ፤ በሳምንቱ ግን አያቱን ጠይቆ ተመለሰ። በ2012 ዓ.ም. ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ የጋራ ትምህርት ሆኖ ሲመጣና ሁሉም ወገን ብዕሩን ልያዝ ሲል፣ የእኔ ሐሳብ እነዚያ ሦስት ጥያቄዎች ላይ ነበር።

ይህን ዘዴ ከሰማይ አላወረዱትም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል በተማሩበት ዘመን የአራተኛ ዓመት ተማሪ ብዙ ጊዜ ወደ ተወለደበት አካባቢ ሄዶ፣ ሽማግሌ ጠይቆ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ይዞ ይመለስ ነበር። የየአውራጃው ታሪክ መጀመሪያ ወረቀት ላይ የሰፈረው በነዚያ በታይፕ በተመቱ የልጅ ጽሑፎች ነው። የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ የሆኑት መምህሬም የጻፉት ስለ አባታቸው ጣቢያ ነው። ከዚያ ብዙ ዓመት ጠመኔ፣ ቀጥሎ ሁለተኛ ዲግሪ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ወደየክልሉ ሲስፋፉ ደግሞ ሌክቸረርነት። ወዲያው ከመቶ 70 ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 ብቻ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚለው የምደባ ፖሊሲ መጣና የታሪክ ክፍሎች ወንበር ባዶ ሆነ። በእነዚያ ዓመታት ነው እንግዲህ ካርቶኖቹ የበዙት።

የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴው የሚያየው በታወቁ መጽሔቶች የወጣ ጥናት ነው። መምህሬ ያላቸው አምስት ጥናት ነው፤ አልበቃም። የማኅበረሰብ አገልግሎት የሚል ረድፍም አለ። ኮሚቴው እዚያ ላይ የጻፈው «የቃል መረጃ ማሰባሰብ፦ አልተጠናቀቀም» የሚል ነበር። ያን ወረቀት ሲያሳዩኝ ስቀዋል፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። አገር ለአገር እየዞሩ ከ200 በላይ ሰው ያነጋገሩ ምሁር፣ ከከተማቸው ሳይወጡ ከኢንተርኔት ቀድተው መጽሔት ያሳተሙትን ያህል አልተቆጠሩም። በእርግጥ ኮሚቴው መለኪያ ያስፈልገዋል። ያልተጣራ ወሬ ሁሉ ታሪክ ይባል ብል መምህሬ ራሳቸው ይቆጡኛል። የእኔ ጥያቄ ጠባብ ናት፦ በቀን፣ በስምና በቦታ ተለይቶ፣ ለሌላ ተመራማሪ ክፍት ሆኖ የተቀመጠ የድምፅ ስብስብ እንደ አንድ የታተመ ሥራ ይገምገም። ገምጋሚ ይመደብለት፣ ይፈተሽ፣ ነጥብ ያግኝ።

ጥፋቱ የእሳቸውም ነው፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል። መጽሐፉን መቼ ይጨርሱታል ሲባሉ ለሃያ ዓመት መልሳቸው «ገና ነው» ነበር። አንድ ምስክር ይቀራል፣ አንድ ሰነድ ጅቡቲ አለ ይላሉ። ተው ቢባሉ የታሪክ ምሁሩን የፕሮፌሰር መርዕድ ወልደ አረጋይን ስም ያነሣሉ። መርዕድ በ1971 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡትን የዶክትሬት ጽሑፍ በሕይወት ሳሉ በመጽሐፍ መልክ አላሳተሙትም፤ ሆኖም የ16ኛውንና የ17ኛውን ክፍለ ዘመን የሚያጠና ሰው ሳይጠቅሰው አያልፍም። ልክ ነው። ግን የመርዕድ ጽሑፍ ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት ገብቷል። የመምህሬ ያለው ማካሮኒ ካርቶን ውስጥ ነው።

ሐረር በዚህ ትቀድመናለች፤ ለድሬ ልጅ ይህን ማመን ይከብዳል። አብዱላሂ ሸሪፍ የዩኒቨርሲቲ መምህር አይደሉም። የእጅ ጽሑፎችን፣ ሳንቲሞችን፣ የቆዩ የሐረሪ ዘፈን ቅጂዎችን በገዛ ቤታቸው መሰብሰብ ጀመሩ፤ የተበሉ ቅጠሎችን መጠገንና መጠረዝም ተማሩ። ኋላ ስብስቡ ጀጎል ውስጥ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ ሙዚየም ሆኖ ተቀመጠ፤ ከሩቅ አገር የመጣ ተመራማሪ ዛሬ እዚያ ነው በር የሚያንኳኳው። አንድ ከተማ ለአንድ ሰብሳቢ ቤት መስጠት ይችላል ማለት ነው። ድሬዳዋ ደግሞ ቤት አላጣችም። ከአሮጌው ጣቢያ ክፍሎች አንዷ፣ ሁለት መደርደሪያ፣ ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጡ ሁለት ወጣቶች ቢገኙ ለጊዜው ይበቃል። ዩኒቨርሲቲው ወጣቶቹን ከታሪክ ክፍል ሊልክ ይችላል፤ መመረቂያ ጽሑፍ አጣን ሲሉ ነው የምሰማቸው።

የምቸኩለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከተማችንን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በወሰደ ጊዜ፣ ከመምህሬ ምስክሮች የአንዱን ሳጥንም ጠርጎት ሄዷል። የ40 ዓመት የሥራ ደብተር ነበረበት። የተረፈው ከዚያ በፊት የተቀዳው የአንድ ሰዓት ካሴት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሐምሌ ሲገባ ካርቶኖቹ ከወለል ተነሥተው አልጋ ላይ ይወጣሉ፤ ባለቤታቸው ሳሎን ይተኛሉ።

ባለፈው እሑድ ስሄድ ማጫወቻው ተበላሽቶ ጠበቀኝ። ታይዋን ገበያ ይዘነው ሄድን። ሞባይል የሚጠግነው ልጅ አገላብጦ አየውና «አባባ፣ ይሄ ምኑ ነው የሚበራው?» አለ። ሦስት ሱቅ ዞረን አንድ ሽማግሌ ከአሮጌ ሬዲዮ የወጣ ላስቲክ ሰጡን፤ ዋጋም አልተቀበሉም። ቤት ገብተን ገጠምነው። ማራገቢያው ተሰማ፣ ሳል ተሰማ፣ ከዚያ ማንኪያዋ፦ ኪንን። ወደ ሁለተኛዋ ሳይደርስ መምህሬ እጃቸውን ዘረጉና «አጥፋው» አሉኝ። «ላስቲኩ አሮጌ ነው። ሠላሳ ካርቶን ይቀረዋል።»