አክስቴ ወንድ አይደለችም

ባለፈው ሳምንት ድሬ፣ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ድንኳን ተጥሎ የስኳርና የደም ግፊት ነጻ ምርመራ ሲሰጥ ነበር። አክስቴም የቲማቲም መደቧን ለጎረቤት አደራ ብላ ሄደች። ወገቧን በሜትር ለኳት፤ 91 ሴንቲ ሜትር። «ከ94 በታች ነሽ፣ ምንም የለብሽም» ብለው መለሷት። የደም ምርመራ የሚደረገው ከዚያ ላለፈ ሰው ብቻ ነው ተባለች።

94 እኮ የወንድ ቁጥር ነው! ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው መስፈርት የሴት ልክ 80 ሴንቲ ሜትር ነው። አክስቴ በ11 አልፋዋለች። መስፈርቱ የሜታቦሊክ ሲንድረም ነው፤ ይኸውም የወገብ ስፋት፣ የስኳር፣ የግፊትና ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ መጨመር፣ የጥሩው ኮሌስትሮልም ማነስ አንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ የሚሰጠው ስም ነው።

አንዱን አስተባባሪ ሄጄ ጠየቅሁት። «ሜታቦሊክ ሲንድረም የወንዶች ነገር ነው፤ ሴቶችን ሆርሞናቸው ይጠብቃቸዋል» አለኝ። የትኛዋን ሴት? ወንዱ በጎልማሳነቱ ቀድሞ ቦርጭ እንደሚያወጣ፣ ስኳሩና ግፊቱም ቀድመው እንደሚይዙት አልክድም። አክስቴ ግን 56 ዓመቷ ነው፤ የወር አበባዋ ከቆመ ቆይቷል። ጠባቂ የተባለው ኤስትሮጅን የሚሉት የሴት ሆርሞን ሴቷ ወጣት ሳለች ስብን ወደ ዳሌና ወደ ጭን ይመራዋል። እሱ ሲቀንስ ስቡ ሆድ ውስጥ፣ በጉበትና በአንጀት ዙሪያ ይከማቻል። ያኔ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ኢንሱሊን ሥራው ይከብደዋል፣ ትራይግሊሰራይድ ይወጣል፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ይወርዳል። ለዚህም ነው ሴቷ ከ50 በኋላ ወንዱን የምትደርስበት፣ ብዙ ቦታም የምታልፈው። ጥበቃው ባለቀበት ዕድሜ ላይ «ጠባቂ አለሽ» ብሎ መሸኘት ሰውን ለአደጋ መስጠት ነው። በጥሩው ኮሌስትሮልም ቢሆን ለወንድ ዝቅተኛው 40 ሲሆን ለሴት 50 ነው። 45 የተገኘባት ሴት በወንድ ሚዛን ጤነኛ ተብላ ትሄዳለች። አክስቴን በእርግዝናዋ ጊዜ ስኳር ታይቶባት እንደነበርም የጠየቃት የለም፤ ያ ራሱ የኋላውን ስኳር የሚጠቁም ምልክት ሆኖ ሳለ።

የመመርመሪያ ዕቃ አይበቃም ተብሏል። ይሁን፤ ሜትሩ ላይ 80ን በእስክሪብቶ ማስመር ስንት ብር ያስወጣል? ቀፊራና ታይዋን ገበያ ከማለዳ ጀምሮ መደብ ላይ ቁጭ ብለው የሚውሉ፣ በዚያ ሙቀት ጥማቸውን በለስላሳና ስኳር በበዛበት ሻይ የሚቆርጡ እናቶችን አውቃቸዋለሁ። ቢለኩ አብዛኞቹ ከ80 እንደሚያልፉ አልጠራጠርም።

አክስቴን በማግስቱ ምንም ሳትቀምስ ወደ ግል ክሊኒክ ወሰድኳት። ስኳሯ 118፣ ግፊቷ 145 በ90። ልኩ ስኳር 100፣ ግፊት 130 በ85 ነው። ወገቧ ሲጨመር ከአምስቱ መለኪያዎች ሦስቱ ተሟሉ፤ ሜታቦሊክ ሲንድረም ለመባል የሚፈለገውም ሦስት ነው። ወረቀቱን ይዛ «ምንም የለብሽም ብለውኝ ነበር እኮ» አለችኝ።

የምርመራ ዘመቻው በመጪው ቅዳሜ ሳቢያን ሰፈር ይገባል አሉ። ከዚያ በፊት ቀፊራ ላይ በ94 ተለክተው የተመለሱት ሴቶች ይጠሩና በራሳቸው ቁጥር ይለኩ።